ዘግይቶ የሚደርስ ምርመራ፤ በዕድሜ የገፉ ወገኖቻችንና ኤች.አይ.ቪ

እንደሚታወቀው ስለ ኤች.አይ.ቪ በየቁምስናው ብዙ ተነግሯል፤ በወጣቶች ማኅበር ስብሰባ፣ በጋብቻ ዝግጅት ትምህርት፣ በትምህርት ቤት ክበባት ሁሉ ነገሩ ተደጋግሞ ተነሥቷል። በእነዚህ ጉባኤዎች አንድ የተለመደ ሁኔታ እናስተውላለን። አረጋውያን አባቶችና እናቶች ሲገኙ በክብር ከፊት ይቀመጣሉ፤ ትምህርቱ ግን በራሳቸው ላይ አልፎ ከኋላ ለተቀመጡት ልጆች ይነገራል። እነርሱም ጉዳዩ የልጆች መሆኑን አምነው፣ መርቀው ይነሣሉ። በዚህ እትም የምናቀርበው ትምህርት በፊተኛው መቀመጫ ላይ ስላሉት ነው።

«በዕድሜ የገፉ» ስንል የሕክምና ባለሙያዎች በዚህ በሽታ ረገድ የሚጠቀሙበትን ልክ ይዘን፣ ሃምሳ ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን ማለታችን ነው። አዘና ላይ የሃምሳ ዓመት ሰው ገና በሬ ጠምዶ የሚያርስ፣ ጥር 23 ቀን ፈረሱን ሸልሞ ወደ እንጅባራ የሚሄድ ጎልማሳ ስለሆነ ቃሉ ቅር ሊያሰኘው ይችላል። ይሁን እንጂ ከዚህ ዕድሜ ወዲያ ቫይረሱ በሰውነት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ስለሚፋጠን ልኩን እንዳለ እንወስደዋለን። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውንም አስቀድመን እንገልጻለን።

ለወጣት የተሠሩ በሮች

በአገራችን ቫይረሱ መኖሩ በደም ናሙና የታወቀው በ1984 ነው፤ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የተመዘገቡት ደግሞ በ1986 ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የሥርጭቱ መጠን ይገመት የነበረው በዋናነት ለእርግዝና ክትትል ወደ ጤና ተቋም ከሚመጡ እናቶች በሚወሰድ ደም ነበር። ስለ በሽታው የነበረን እውቀት ከመነሻው ወላድ በሆኑ ሴቶች ላይ የተመሠረተ ነበር ማለት ነው። በ2005 የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ቤት ለቤት ሲካሄድ ለመጀመሪያ ጊዜ የኤች.አይ.ቪ ምርመራ ተጨመረበት፤ በ2011ና በ2016ም ተደገመ። በ2016ቱ ጥናት ደም የሰጡት ሴቶች ከ15 እስከ 49 ዓመት፣ ወንዶች ደግሞ ከ15 እስከ 59 ዓመት የሆናቸው ናቸው። በ2017ና በ2018 የተካሄደው ሌላ አገር አቀፍ ጥናት እስከ 64 ዓመት ድረስ ያሉትን አዋቂዎች አካትቷል፤ ነገር ግን በከተሞች ብቻ ነበር። እንግዲህ በአዊ ገጠር የምትኖር የሃምሳ አምስት ዓመት እናት ወይም የስድሳ አምስት ዓመት አባት ከእነዚህ ቆጠራዎች በአንዱም ውስጥ አልነበሩም።

በዚያው የከተሞች ጥናት ቫይረሱ ከተገኘባቸው አዋቂዎች መካከል ሁኔታቸውን ቀድመው ያወቁት ከመቶ 79 ያህሉ ነበሩ። ካወቁት ውስጥ ከመቶ 97ቱ መድኃኒት ጀምረው ተገኝተዋል። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲታዩ ብዙ ይናገራሉ፤ ያወቀ ሰው መድኃኒቱን ይጀምራል፤ ትልቁ ክፍተት ያለው ከማወቅ በፊት ነው።

ታዲያ ሰው እንዴት ያውቃል? በራሱ ተነሣሥቶ «ደሜን ልታይ» ብሎ የሚሄድ ጥቂት ነው። ብዙው ሰው የሚመረመረው ሕይወት ራሷ ወደ አንድ በር ስትወስደው ነው። ነፍሰ ጡሯ እናት በእርግዝና ክትትል ጊዜ ትመረመራለች፤ ሙሽሮች አብያተ ክርስቲያናት የምርመራ ወረቀት ስለሚጠይቁ ይመረመራሉ፤ ወደ ዐረብ አገር ለሥራ የምትሄድ ልጅ የጤና ማስረጃ ስለሚያስፈልጋት ትመረመራለች። ደም የሚለግስም ደሙ ይመረመራል። እናት ወልዳ ከጨረሰች በኋላ ግን የመጀመሪያው በር ይዘጋል፤ ልጆችን ድራ ካበቃች በኋላ ሁለተኛው አይመለከታትም፤ ሦስተኛውና አራተኛውም ለእርሷ የታሰቡ አይደሉም። በተጨማሪም በቅርብ ዓመታት በጤና ተቋማት የሚደረገው ምርመራ በቅድሚያ በጥያቄ ተለይተው ተጋላጭ ናቸው በተባሉት ላይ እንዲያተኩር ተደርጓል። ገንዘብን ለመቆጠብ አሠራሩ ምክንያት አለው፤ ነገር ግን ጥያቄውን የሚጠይቀው የሃያ አምስት ዓመት ነርስ፣ የሚጠየቁት አያቱን የሚያህሉ እናት ሲሆኑ፣ ጥያቄው በይሉኝታ ተዘሎ እንደሚያልፍ ለማወቅ ብዙ ምርምር አያስፈልግም።

እዚህ ላይ የሁለተኛ ጋብቻን ጉዳይ ማንሣት ይገባናል። የትዳር ጓደኛቸውን በሞት ያጡ አባትና እናት «የሚጦረኝ፣ የምጦረው» ብለው ሲጣመሩ በየጊዜው እናያለን፤ መልካምም ነው። ወጣት ሙሽሮችን ያለ ምርመራ ወረቀት የማናሳልፍ ሰዎች ግን ሽማግሌዎቹ ዘንድ ስንደርስ እናፍራለን። ሁለቱም ከዚህ በፊት ትዳር የነበራቸው፣ የቀድሞ ጓደኛቸውም ምናልባት በምን እንደ ሞተ በግልጽ ያልታወቀ በመሆኑ፣ ወረቀቱ ለእነርሱ ከወጣቶቹ ይልቅ ያስፈልጋል።

እርጅና ተብሎ የሚታለፍ ሕመም

ለትምህርት ያህል አንድ ምሳሌ እናስብ። አንድ የስልሳ ሦስት ዓመት አባት ከክረምት ጀምሮ እየከሱ ሄዱ። ቤተሰቡ «እርጅና ነው» አለ። ሌሊት ላብ ያጠምቃቸዋል፤ በመኸር ወደ አየሁ ቆላ ወርደው ስለ ነበር የወባ መድኃኒት ወሰዱ። በአንድ ጎናቸው ብቻ እንደ እሳት የሚያቃጥል ውኃ የቋጠረ ሽፍታ ወጣባቸው፤ አልማዝ ባለጭራ ነው ተብሎ ቅጠል ተቀባ። ምግብ ሲያስጠላቸው ጨጓራ፣ ተቅማጡ አልቆም ሲል ታይፎይድ፣ ነገር ሲረሱ ደግሞ የዕድሜ ነገር ተባለ። እያንዳንዱ ግምት ለብቻው ቢታይ ከእውነት የራቀ አልነበረም፤ በአካባቢያችን ወባም፣ ታይፎይድም፣ ጨጓራም አለ። ሁሉም በአንድ ሰው ላይ በአንድ ዓመት ውስጥ ሲደራረቡ ግን «የሚያገናኛቸው ምንድን ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። በመጨረሻ ሳሉ አልቆም ሲል አክታቸው ተመረመረና ሳንባ ነቀርሳ ተገኘ። ሳንባ ነቀርሳ ለተገኘበት ሁሉ የኤች.አይ.ቪ ምርመራ እንዲደረግለት ስለሚጠየቅ እውነቱ በዚያ በር ወጣ፤ ይህም የሆነው ሕመሙ ከጀመረ ከዓመት በኋላ ነው።

ሐኪሞች «ዘግይቶ ታወቀ» የሚሉት በልክ ነው። ሲ.ዲ.ፎር የሚባሉ የደም ሕዋሳት የሰውነት ዘበኞች ናቸው፤ በጤነኛ አዋቂ ሰው በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ500 እስከ 1,500 ገደማ ይገኛሉ። ቫይረሱ እነርሱን እየገደለ ይራባል። በመጀመሪያው ምርመራ ወቅት ቁጥራቸው ከ350 በታች ሆኖ የተገኘ ሰው ዘግይቶ እንደ ታወቀ ይቆጠራል፤ ከ200 በታች ከሆነ ደግሞ በሽታው ወደ ከፋ ደረጃ እንደ ደረሰ ይወሰዳል። በምሳሌያችን ያየናቸው ነቀርሳ፣ አልማዝ ባለጭራና የማያቋርጥ ተቅማጥ ዘበኞቹ ሲሳሱ የሚገቡ ሌቦች ናቸው። በአፍና በጉሮሮ ውስጥ የሚወጣ ነጭ ሽፋንም ከእነዚሁ ይመደባል። ከሁሉ የሚያስፈራው በክሪፕቶኮከስ ፈንገስ የሚመጣው የማጅራት ገትር ነው፤ የሚጀምረው ለሳምንታት በሚቆይ ራስ ምታት በመሆኑ አረጋውያንን «የደም ግፊትዎ ነው» አሰኝቶ ያዘናጋል።

በወጣት ሰውነትና በአረጋዊ ሰውነት መካከል ያለው ልዩነትም ተለክቷል። መድኃኒቱ ከመስፋፋቱ በፊት በአውሮፓ፣ በሰሜን አሜሪካና በአውስትራሊያ ከ13,000 በላይ ሰዎችን የተከታተሉ ጥናቶች ተጠቃልለው በ2000 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታትመው ነበር። ከ15 እስከ 24 ዓመት ባለው ዕድሜ በቫይረሱ የተያዙት ግማሾቹ ያለ ዘመናዊው መድኃኒት 12 ዓመት ተኩል ያህል ኖረዋል፤ ከ45 እስከ 54 ዓመት ባለው ዕድሜ የተያዙት ግን ግማሾቹ የኖሩት ወደ 8 ዓመት ገደማ ነው። ምክንያቱ ዕድሜ ሲገፋ ሰውነት አዳዲስ ዘበኞችን የማፍራት ኃይሉ መቀነሱ ነው። ስለዚህም ወጣቱ ምርመራውን ለአንድ ዓመት ቢያዘገይ የሚያጣውና አረጋዊው የሚያጣው እኩል አይደለም፤ ሆኖም ወጣቱን በጥድፊያ፣ አረጋዊውን በዝግታ የምንመራው እኛ ነን።

አንዳንድ አንባብያን «እነዚህ ሰዎች በደርግ ዘመን በውትድርና ሳሉ የተያዙ ይሆናሉ» ይሉ ይሆናል። ከላይ ያየነው ስሌት ግን ይህን አይደግፍም፤ በዚያን ዘመን የተያዘና መድኃኒት ያላገኘ ሰው እስከ ዛሬ መቆየቱ እጅግ ያልተለመደ ነው። ዛሬ በስልሳ ዓመት አዲስ የሚገኝ ሰው ምናልባት የተያዘው ሃምሳን ካለፈ በኋላ ነው። ለሰሊጥ አጨዳ መተማና ሁመራ ወርዶ ለወራት ከቤት ርቆ የሚከርመው ሁሉ ወጣት አይደለም። ባል ሄዶ ሲመለስ ሚስት ትጠብቀዋለች፤ የወር አበባ ከቆመ በኋላ የእናቶች ገላ ስለሚሳሳ በቀላሉ እንደሚቆስልና ቫይረሱ መግቢያ እንደሚያገኝም ሐኪሞች ያስረዳሉ። ይህን የምንጽፈው ማንንም ለመጠርጠር አይደለም፤ በትዳሯ ጸንታ የኖረች እናት «እኔን አይመለከተኝም» እንዳትል ነው።

የበሽተኛ ጠያቂው ስፍራ

በከተማ የተማሩ ልጆች ያሉት ሰው ልጆቹ ይመክሩታል። በገጠር ግን በአልጋ ላይ ካለ አረጋዊ አጠገብ ከሁሉ አስቀድሞ የሚቀመጠው ጎረቤትና የእድር ሰው ነው፤ የኛ ቁምስና ምእመን ከሆነ ደግሞ የትምህርተ ክርስቶስ መምህሩ ነው። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በየቀበሌው እህቶቻችንን አስገብቶልናል፤ እነርሱም ብዙ ረድተዋል። ሆኖም ከ2023 ጀምሮ በክልላችን የቆየው ግጭት በብዙ ስፍራ መንገድንና የሠራተኞችን እንቅስቃሴ አውኳል፤ በ2025 መጀመሪያ ከአሜሪካ መንግሥት ይመጣ የነበረው እርዳታ ሲቋረጥም በዚያ ገንዘብ ተቀጥረው የነበሩ በርካታ የጤና ሠራተኞች ከሥራ ተሰናብተዋል። ቤት ለቤት እየሄደ የሚፈልግ ሰው ሲጎድል፣ ቀድሞውንም በቤት ውስጥ ተቀምጦ ያለው ጠያቂ ትርጉሙ ከፍ ይላል።

መምህሩ ሐኪም አይደለም፤ ሐኪም እንዲሆንም አንጠይቅም። የሚጠበቅበት አንዲት ጥያቄ መጠየቅ ብቻ ነው። ስለ ባሕርይ፣ ስለ ትዳር፣ ስላለፈው ኑሮ አይጠይቅም። ጥያቄው እንዴት እንደሚቀርብ ለማሳየት እንዲህ ያለውን ንግግር ማሰብ ይቻላል፦

«እናቴ፣ ይህ ሕመም ቆየብዎት። ሐኪሞቹ ሆድዎንም ሳንባዎንም አይተዋል። ደምዎንስ ለኤች.አይ.ቪ አይተውልዎት ያውቃሉ?»

«ልጄ! እኔ አሮጊቷ? ይህ የልጆች በሽታ አይደለም እንዴ?»

«ዕድሜ አይመርጥም እናቴ። ነቀርሳ ለታመመ ሁሉ ይደረጋል፤ ለነፍሰ ጡርም ሁሉ ይደረጋል። ለእርስዎም ይደረግ ብዬ ነው። ውጤቱን የሚሰሙት እርስዎ ብቻዎን ነዎት፤ እኔም ከደጅ እቆያለሁ።»

በዚህ አነጋገር ውስጥ ሁለት ነገሮች ይስተዋሉ። አንደኛው ምርመራው ከሌሎች ምርመራዎች ጋር ተሰልፎ መቅረቡ ነው፤ ለብቻው ሲነሣ ክስ ይመስላል። ሁለተኛው ደግሞ መምህሩ ከደጅ ለመቆየት ቃል መግባቱ ነው። ምርመራው በተመርማሪው ፈቃድ የሚደረግ ነው፤ ውጤቱም የእርሱ ነው። መምህሩ ውጤቱን ለቆሞሱም ቢሆን፣ ለበሽተኛው ልጆችም ቢሆን ሊናገር አይገባውም፤ ራሱ በሽተኛው ካልነገረው በቀር መጠየቅም የለበትም።

በአዊ ምድር አንድ ተጨማሪ ችግር አለ፤ እርሱም የቋንቋ ነው። ብዙ አረጋውያን እናቶች ሕመማቸውን የሚናገሩት በአዊኛ ነው፤ ሐኪሙ ወይም ነርሷ ከሌላ አካባቢ የመጡ ሲሆኑ አስተርጓሚ ያስፈልጋል። ከሁሉ አስቀድሞ የሚገኘው አስተርጓሚ አብሯት የመጣው የልጅ ልጅ ነው። አሥራ ሰባት ዓመት በሆነው የልጅ ልጇ አፍ ስለ ግብረ ሥጋ ግንኙነት የምትጠየቅ አያት የምትሰጠውን መልስ መገመት አያዳግትም፤ ነርሷም ያንን መልስ መዝግባ «ተጋላጭ አይደለችም» ትላለች። አዊኛ የሚናገር ሌላ የጤና ሠራተኛ እንዲጠራ መጠየቅ የበሽተኛዋ መብት ነው፤ ይህን አስቀድሞ የሚነግራት ግን ሰው ያስፈልጋታል። የልጅ ልጁ ፈረሱን ወይም ባጃጁን ይጠብቅ።

አረጋውያን ምርመራን የሚሸሹበት ሌላም ምክንያት አለ፤ እርሱም ትዝታቸው ነው። የዛሬ ወጣት ኤድስን የሚያውቀው በማስታወቂያ ነው፤ እነርሱ ግን በ1990ዎቹ ልጆቻቸውንና ወንድሞቻቸውን አስታመው ቀብረዋል። ያን ጊዜ «አለብህ» መባል ከሞት ፍርድ አይለይም ነበር፤ መድኃኒት አልነበረምና። መድኃኒቱ በአገራችን በ2003 በክፍያ መሰጠት ጀመረ፤ ከ2005 መጀመሪያ አንሥቶ ደግሞ በነጻ ይሰጣል። ያን ጊዜ ሲ.ዲ.ፎር እስኪወርድ መጠበቅ ግድ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 መጠበቁ እንዲቀር ካሳሰበ በኋላ ግን በአገራችንም ቫይረሱ የተገኘበት ሰው ሁሉ ሳይዘገይ እንዲጀምር ተደርጓል። በ2005 በሠላሳ አምስት ዓመታቸው የጀመሩ ሰዎች ዛሬ ሃምሳን አልፈው የልጅ ልጅ እያዩ ነው። በዕድሜ የገፉ ሰዎችን ለማሳመን ከማናቸውም ስብከት ይልቅ ይህን መንገር ይጠቅማል።

መድኃኒቱና የአረጋዊ ሰውነት

በአንድ ምርመራ ብቻ ሰው ቫይረሱ አለበት አይባልም፤ የመጀመሪያው ምርመራ ካሳየ በሌላ ዓይነት መመርመሪያ ይረጋገጣል። ከተረጋገጠ በኋላ ዛሬ ለአብዛኛው አዋቂ የሚሰጠው ዶልቴግራቪር ከሌሎች ሁለት መድኃኒቶች ጋር የተዋሐደበት፣ በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጥ አንድ እንክብል ነው። ከምግብ ጋርም ሆነ ያለ ምግብ ይወሰዳል። ስለ ጾም ለሚጠይቁን እናቶች መልሱ ይኸው ነው፤ ማታ ከምግብ በኋላ በተወሰነ ሰዓት ቢወስዱት ጾማቸውን አይነካባቸውም። ለሕሙማን ጾም የማይጸና መሆኑ ግን ሊነገራቸው ይገባል፤ በተለይ ሰውነታቸው በከሳበት በመጀመሪያዎቹ ወራት።

ሁኔታው ዘግይቶ ለታወቀ ሰው እንክብሉ ብቻውን አይበቃም። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው መመሪያ መሠረት ሲ.ዲ.ፎሩ ከ200 በታች የወረደ ሰው በነቀርሳና በክሪፕቶኮከስ መያዝ አለመያዙ ይታያል፤ ሌሎች በሽታዎች እንዳይገቡበትም ኮትሪሞክሳዞል ይሰጠዋል። የማጅራት ገትር ከተገኘበት ሐኪሙ የኤች.አይ.ቪውን መድኃኒት ለጥቂት ሳምንታት ሊያዘገየው ይችላል። ቤተሰብ ይህን ሲያይ «ተስፋ ቆርጠው ተዉት» ብሎ በሽተኛውን ይዞ ይመለሳል፤ ነገሩ ግን የሕክምናው ሥርዓት ነው። ዘበኞቹ በድንገት ሲበረቱ በአንጎል ውስጥ ካለው ፈንገስ ጋር የሚያደርጉት ትግል ራሱ በሽተኛውን ሊጎዳ ስለሚችል አስቀድሞ ፈንገሱ ይታከማል።

አረጋውያን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ መድኃኒትም ይወስዳሉ። ይህ ክፍል ለአስታማሚ ልጆች እጅግ ጠቃሚ ስለሆነ በጥንቃቄ ይነበብ። ለጨጓራ ማቃጠል የሚወሰዱ አሲድ ማርከሻዎች እንደ ካልሲየምና እንደ ብረት እንክብሎች ሁሉ ዶልቴግራቪርን በሆድ ውስጥ ይዘው ያስቀሩታል፤ ስለዚህ የኤች.አይ.ቪው መድኃኒት ከእነርሱ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ወይም ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ይወሰዳል። የስኳር ሕሙማን የሚወስዱት ሜትፎርሚን መጠኑ መለካት አለበት፤ በነቀርሳ መድኃኒት ውስጥ ያለው ሪፋምፒሲን ደግሞ የዶልቴግራቪርን ኃይል ስለሚቀንስ በቀን ሁለት ጊዜ እንዲወሰድ ይደረጋል። ከእንክብሉ ክፍሎች አንዱ የሆነው ቴኖፎቪር ኩላሊትን ሊነካ ስለሚችል በዕድሜ የገፉ ሰዎች ኩላሊታቸው በየጊዜው ይታያል። በቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ ከሱቅ የተገዛውንም፣ በአንድ ፌስታል ጠቅልሎ ይዞ መሄድና ለሐኪሙ ማሳየት ስም ከማስታወስ ይበልጣል።

ስለ ጠበልም ሳናነሣ አናልፍም፤ በአካባቢያችን ከኦርቶዶክስ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ጋር በአንድ ቤት የምንኖር ነን። ወደ ጠበል የሄደ ሁሉ መድኃኒቱን መተው አለበት የሚለው አሳብ በአንድ ወቅት ብዙ ሰው ጎድቷል። በ2007 ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ ሕሙማን ጠበሉንና መድኃኒቱን አጣምረው እንዲወስዱ በአደባባይ መምከራቸው ነገሩን ብዙ አቅልሎታል። በእኛም በኩል ምሥጢረ ቀንዲል የተቀበለ በሽተኛ ሐኪም ዘንድ መሄዱን አያቋርጥም።

ከውጤቱ በኋላ

ውጤቱ በቤተሰብ ዘንድ ሲሰማ የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን አመጣው?» የሚል ነው። ይህ ጥያቄ በሽተኛውን አንድ ቀን እንኳ አያኖርም። በስልሳ ዓመታቸው ሊፋቱ የሚነሡ ባልና ሚስት ርስቱንና ጧሪውን በአንድ ጊዜ ያጣሉ፤ ከሁሉም ይልቅ ደግሞ መድኃኒት የሚያስታውስ ጓደኛን ያጣሉ። ሽማግሌዎች ለዕርቅ ሲቀመጡ ጥፋተኛውን ከመፈለጋቸው በፊት ሌላኛው የትዳር ጓደኛ መመርመሩን ይጠይቁ። መድኃኒቱን በትክክል የሚወስድና የቫይረሱ መጠን በምርመራ ከማይታይበት ደረጃ የደረሰ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለጓደኛው እንደማያስተላልፍ ዛሬ በጥናት የተረጋገጠ ነው፤ ይህንንም ብዙ ባለትዳሮች አያውቁም። በአንድ ማዕድ መብላት፣ በአንድ ዋንጫ መጠጣት፣ ሕፃን ማቀፍ አያስተላልፍም። ይህ ሁሉ ከሠላሳ ዓመት በፊት የተነገረ ቢሆንም አያቶች የልጅ ልጃቸውን ለመሳም ዛሬም ሲፈሩ ይታያሉና ደግመን እንናገረዋለን።

አረጋውያን ስለ መንገዱ ይጨነቃሉ፤ «በየወሩ እንጅባራ ማን ይወስደኛል?» ይላሉ። መድኃኒቱን ጀምረው ሁኔታቸው ለተረጋጋ ሰዎች በአገራችን ከ2017 ጀምሮ የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ የሚሰጥበት አሠራር አለ። በዚህ አሠራር የገባ ሰው በዓመት ሁለት ጊዜ ቢመላለስ ይበቃዋል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ግን ቀጠሮው ይደጋገማል፤ የቫይረሱ መጠንም ይለካል። ከአዘናና ከአካባቢዋ ቀበሌዎች ለሚመላለሱ በሽተኞች ከባዱ ጊዜ ይህ ነው፤ እድሮች ለቀብር ከሚያወጡት ጥቂቱን ለመጓጓዣ ቢያደርጉት የሚያስፈልገው ለእነዚያ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ብቻ ነው።